ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጓሳ ሜዳ፦ ስለ መተባበርና ስለ ፍትሐዊ ድርሻ ታሪክ ምን ያስተምረናል?



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በየስብሰባ አዳራሹና በየመጽሔቱ ሽፋን ላይ ስለሚጻፍ ብዙዎቻችን ሰምተን እናልፈዋለን እንጂ ከልብ አናዳምጠውም። ቆም ብለን ብንመረምረው ግን አባባሉ የሚናገረው ስለ ድርና ስለ አንበሳ ነው። አባቶቻችን ስለ መተባበር ለማስተማር ሲፈልጉ ዓይናቸውን ወደ ፍጥረት ይመልሱ እንደነበር ያሳየናል። በዚህ የምስረታ በዓል ዕትም ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ካፒታልና ስለ ትርፍ ክፍፍል የሚጽፉ ስለማይጠፉ እኔ ለየት ያለ ርዕስ ይዤ ለመቅረብ ወድጃለሁ።

ጥያቄዎቹ የሚከተሉት ናቸው። እንስሳት በእርግጥ ይተባበራሉ ወይ? የጓደኛቸው ችግር ይሰማቸዋል ወይ? ድርሻቸው ሲጓደልስ ያውቃሉ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ቦታ የሚገኘው በራሳችን ክልል፣ በመንዝ፣ ጓሳ በተባለው ደጋ ላይ ነው። ወደዚያ ከመጓዛችን በፊት ግን ከደጃችን እንጀምር።

ከቀንበሩ ሥርና ከጣና ዳር

አንድ በሬ ብቻ ያለው አርሶ አደር ብቻውን ማረስ እንደማይችል ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለሆነም ከጥንት ጀምሮ መቀናጆ የሚባል ሥርዓት አለን። ሁለት አርሶ አደሮች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው አንድ ጥማድ ያደርጋሉ፤ ከዚያም በተራ ያርሳሉ። ለዚህ ውል ወረቀትም ማህተምም አያስፈልገውም። ውሉን የሚያጸናው ተራው ብቻ ነው። አንደኛው ዝናቡ ሲመቸው ተራ እየዘለለ የራሱን ማሳ ቢያርስ በሚቀጥለው ክረምት የሚቀናጀው አያገኝም። በሬዎቹም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። አንዱ ወደ ፊት እየሳበ ሌላው ከቀንበሩ ወደ ኋላ ከቀረ የሚላጠው የሁለቱም ጫንቃ ነው። ልምድ ያለው አራሽ አቻ ለአቻ የሚጠምደው ለዚህ ነው።

ወደ ባህር ዳር ወርዶ ጣና ዳር የቆመ ሰውም ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያላቸውን ትልልቅ ነጭ ወፎች፣ ፔሊካን የሚባሉትን፣ ሳያይ አይመለስም። እነዚህ ወፎች ዓሣ ሲያጠምዱ ብዙውን ጊዜ በቡድን ነው። በውሃው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ ዓሣውን ወደ መሃልና ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ እየነዱ ይሰበስባሉ፤ ከዚያም ምንቃራቸውን በአንድነት ያጠልቃሉ። ሰልፉ ክፍተት ከኖረው ዓሣው በዚያው ያመልጣል። ይህ ከደቦ የሚለየው በምንድን ነው? በደቦም ቢሆን ሰልፉን ጠብቆ የማያጭድ ሰው የሌላውን ድካም ያባክናል።

ቀበሮው ከመንጋው መሃል

አሁን ወደ ጓሳ እንሂድ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ምድር፣ ከመሃል ሜዳ ከተማ አጠገብ የሚገኝ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ደጋ ነው። ከፍታው ከባህር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ስሙን ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ዓለም የማይኖሩ ሁለት እንስሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለውና ሣር እየነጨ የሚኖረው ጭላዳ ነው። ሁለተኛው በዓለም ላይ በሙሉ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰባስቦ የሚኖር አውሬ ነው። በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ ሴት ብቻ ስትሆን የተቀሩት የእርሷን ቡችሎች ይጠብቃሉ፤ አድነው ያመጡትንም ያበሏቸዋል። ወደ አደን ሲወጣ ግን ቀን ቀን በየፊናው ነው፤ ዋናው ምግቡም አይጥ ነው። በቁመናው የጭላዳን ግልገል ነጥቆ ለመሮጥ የሚያንሰው አይደለም። ሆኖም በጓሳ ለዓመታት ጭላዳዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አስገራሚ ነገር አይተዋል። ቀበሮው በመቶዎች በሚቆጠሩ ጭላዳዎች መሃል ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥና ሳይቅበዘበዝ ይራመዳል። እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው ሣራቸውን መንጨት ይቀጥላሉ። ውሻ ሲመጣ ወደ ገደል የሚሸሹት እነዚሁ ጭላዳዎች ቀበሮውን ግን ዝም ብለው ያሳልፉታል።

ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በቁጥር አስደግፈው አቅርበውታል። ቀበሮው በጭላዳዎች መሃል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሚያደርገው 100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ምክንያቱን በተመለከተ ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ግምት ሁለት ነው። ወይ ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነጩ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያባርሯቸዋል፤ ወይም አይጦቹ በጭላዳው ግርግር መሃል ቀበሮውን ለይተው አያዩትም።

ቀበሮው ይህንን ትርፍ የሚያገኘው ግን በነፃ አይደለም። የሚከፍለው ዋጋ እጁን መሰብሰብ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ቀበሮ ግልገል ሲነጥቅ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ጭላዳዎቹ በአንድነት ተነሥተው ግልገሉን አስጣሉት፤ ከመሃላቸውም አባረሩት፤ ሊመለስ ሲሞክርም አላስጠጉትም። የአንድ ቀን ግልገል ለማግኘት ሲል የየዕለት እንጀራውን አጣ ማለት ነው። ብርቱው የሌላውን ባለመንካቱ የሚያተርፈው ነክቶ ከሚያገኘው ይበልጣል። የዚህ ጽሁፍ ዋና ሃሳብም ይኸው ነው።

የጓደኛ ጭንቀት፣ የጎደለ ድርሻ

እንስሳት አንዱ የሌላውን ስሜት ይጋራሉ ወይ የሚለውም ጥያቄ ተጠንቷል። የሚገርመው ከተጠኑት እንስሳት አንዱ የእኛው ጭላዳ መሆኑ ነው። ጀርመን አገር በሚገኝ አንድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በሚኖሩ ጭላዳዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ሰው ሲያዛጋ ሌላው እንደሚያዛጋ ሁሉ ጭላዳም ከጭላዳ ማዛጋት ይጋባበታል። ይህም የሚበረታው በሚቀራረቡትና እርስ በርስ በሚፀዳዱት መካከል ነው። አጥኚዎቹ ይህንን የርኅራኄ መነሻ ሊሆን እንደሚችል አድርገው ተመልክተውታል።

የጎተራችን ጠላት የሆነችው አይጥ እንኳን ከዚህ ውጭ አይደለችም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ አንዷን አይጥ በጠባብ ማሰሪያ ውስጥ ዘግተው ሌላዋን ነፃ ለቀቋት። ነፃዋ አይጥ ከቀናት ሙከራ በኋላ በሩን መክፈት ተምራ ጓደኛዋን አስወጣች። በሌላ ማሰሪያ ውስጥ ቸኮላት ሲቀመጥም ሁለቱንም ትከፍት ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ከቸኮላቱ ለተፈታችው ጓደኛዋ ይተርፋት ነበር።

ስለ ፍትሐዊ ድርሻ ደግሞ ሣራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ቫል የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ሙከራ በሰፊው ይታወቃል። ካፑቺን የሚባሉ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች የተሰጣቸውን ትንሽ ድንጋይ መልሰው ሲያስረክቡ ቁራጭ ዱባ መሰል አትክልት፣ ማለትም ኪያር፣ ይከፈላቸው ነበር። ሁለቱም ኪያር ሲያገኙ ሥራው በሰላም ይቀጥላል። ጎረቤቷ ለዚያው ሥራ ጣፋጭ ወይን ስትቀበል ያየች ጦጣ ግን ወይ ድንጋዩን አላስረክብም ትላለች፤ ወይም የተሰጣትን ኪያር አልቀበልም ትላለች፤ አንዳንዴም ትወረውረዋለች። ስለ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ቪየና ውስጥ በውሾች ላይ የታተመው ጥናትም ተቀራራቢ ነገር አሳይቷል። ጎን ለጎን ተቀምጠው «እጅህን ስጥ» ከተባሉት ውሾች ጓደኛው ሽልማት ሲያገኝ ራሱ ባዶውን የቀረው እጁን መስጠት ያቆማል።

ልብ በሉ! ጦጣዋ የተቆጣችው ኪያር ስለተሰጣት አልነበረም። ቀደም ሲል በዚያው ኪያር ደስተኛ ነበረች። ያስቆጣት ለእኩል ሥራ እኩል ያልሆነ ዋጋ ማየቷ ነው።

በዚህ ረገድ ከሥራ ገጠመኜ አንዱን ላካፍላችሁ። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሠረታዊ ማህበር ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጋሪ በቆሎ አስገቡ። ለአንደኛው ገንዘቡ በዕለቱ ተከፈለው፤ ሁለተኛው «ገንዘብ አልቋል፤ ሌላ ቀን ተመለስ» ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉ ዋጋውን፣ ሳንቲም ሳይጎድል ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በቆሎውን ከማህበሩ ባነሰ ዋጋ ለነጋዴ ሸጠ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ነጋዴው ቢበድለኝም ሁላችንንም እኩል ነው የሚበድለን» ሲል መለሰልኝ። ያን ጊዜ ሰውዬው ጥቅሙን እንዳላወቀ አድርጌ ልመክረው ሞክሬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ምክር የሚያስፈልገው ለእርሱ አልነበረም። ገንዘቡ አነስተኛ መሆኑና የሚከፈልበት ተራ አስቀድሞ ለሁለቱም በግልጽ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር።

የጓሳ አባቶች ሥርዓት

እስካሁን ስለ እንስሳቱ ተናገርን። ነገር ግን ቀበሮውና ጭላዳው አብረው የሚውሉበት ሣር እንዲያው የተረፈ አይደለም። ሣሩን ያቆዩት የመንዝ አርሶ አደሮች ናቸው። ታሪኩም ወደ 400 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የአካባቢው አቅኚ አባቶች ተብለው የሚታወቁት አስቦና ጌራ ናቸው። የእነርሱ ተወላጆች ጓሳን በጋራ ሲጠቀሙ የሚተዳደሩበት ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። በዚህ ሥርዓት መሠረት ለአስቦና ለጌራ ወገን አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ በህዝቡ ይመረጣል። ሜዳው ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይከፈት ሦስትና አምስት ዓመት ይቆያል። የሚከፈተው ሣሩ መድረሱ ታይቶ፣ በበጋ ወቅት፣ ችግር ሲጠና ነው። በተከፈተ ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ በአንድነት ገብቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፤ ከብቱም ይሰማራል። ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል።

ጥበቃውን የሚያካሂደው ደመወዝ የሚከፈለው ዘበኛ አልነበረም። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በየአጥቢያው ተራ እየገባ ይጠብቅ ነበር። ተራውን ያጓደለም ሆነ በተዘጋ ጊዜ የገባ ሰው ጽኑ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። እዚህ ላይ ሥርዓቱን ያለ ቅጥ ማሞገስ አይገባም። መብቱ የአቅኚዎቹ ተወላጆች ብቻ ስለነበር ከዚያ ውጭ የሆነ ነዋሪ ድርሻ አልነበረውም። ከውስጥ ፍትሐዊ የነበረው ሥርዓት ከውጭ ላለው ፍትሐዊ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የህዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ በርስት ላይ የተመሠረተው ቄሮም አበቃ። በተወላጅነት ብቻ የሚገኘው መብት መቅረቱ ለብዙዎች ፍትህ ነበር። ነገር ግን አሮጌው አጥር ሲፈርስ በቦታው የጸና ሌላ አጥር በወቅቱ አልተተካም። ሜዳው ያለ ተራና ያለ ወቅት ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ሣሩ ሲሳሳ ደግሞ አይጡ ይቀንሳል፤ አይጡ ሲቀንስ ቀበሮው ይራባል። የጓሳ ሰዎች ጉዳቱን አይተው ዝም አላሉም። ከቀበሌዎች በተውጣጣ ኮሚቴ አማካኝነት የመዝጋትና የመክፈት ልማዱን ቆይተው መለሱት። በዚህ ጊዜ ግን መብቱ ለነዋሪው እንጂ ለዘር ሐረግ አልነበረም። ጓሳ ዛሬ የመንዝ ጓሳ የህብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን በዓለም ዙሪያ በህብረተሰብ ጥበቃ ታሪክ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ከእኛው ታሪክ

ይህ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 138/1970 መሠረት የተቋቋሙትን የአምራቾች ህብረት ሥራ ማህበራት አባቶቻችን ያስታውሷቸዋል። መሬት፣ በሬና ጉልበት በአንድነት ተሰበሰበ፤ ክፍያው በሥራ ነጥብ ሆነ። ለም መሬት ወደ ማህበሩ ሲዞር የግል አርሶ አደሩ ወደ ሌላ ቦታ የተገፋበት ብዙ ነበር። ግብዓትም ቅድሚያ ለማህበሩ ነበር። የማይተጋውና የሚተጋው በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲለውጥና አባላት መበተን እንደሚችሉ ሲነገር አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በሬው ወደ ባለቤቱ፣ መሬቱም ወደ ግል ድርሻ ተመለሰ።

አንዳንዶች ይህንን ሲያዩ «የእኛ ገበሬ መተባበር አይወድም» ብለው ደምድመው ነበር። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። በዚያው ወቅት እነዚያው ገበሬዎች ደቦ፣ ወንፈል፣ መቀናጆና ዕድር አላቋረጡም ነበር። የጠሉት መተባበርን ሳይሆን ግዴታውንና የተዛባውን ድርሻ ነው። ኪያሩን የወረወረችውን ጦጣ ማስታወስ ነው።

ከዚህ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 147/1991 የህብረት ሥራ ማህበር በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረት፣ አባላትም ዕጣቸው ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ ሰው አንድ ድምፅ እንዲኖራቸው አደረገ። መሠረታዊ ማህበራት ተሰባስበው ዩኒየን ማቋቋም የቻሉትም በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ያለው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ይህንኑ መርህ ይዞ ቀጥሏል።

ወደ መራዊ ስንመለስ

ታዲያ ቀበሮው፣ ጭላዳውና አባ ቄራው ለመራዊና ለአካባቢዋ አርሶ አደር ምን ይላሉ? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን ይላሉ።

አንደኛ፣ ብርቱው እጁን ይሰብስብ። በቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ከአንድ ግድብ ውሃ ይጠጣል። ከቦዩ ራስ ላይ ማሳ ያለው አርሶ አደር ከቀበሮው ጋር ይመሳሰላል። በሌሊት ከፍቶ ሊያጠጣ ይችላል፤ ጉልበቱ አለው። ነገር ግን በቦዩ መጨረሻ ያለው ጎረቤቱ ሽንኩርቱ ሲደርቅበት ቦዩን ለመጥረግ አይወጣም፤ ቦዩ በደለል ሲሞላ ደግሞ ራስ ላይ ላለውም ውሃ አይደርሰውም። የውሃ አባት የሚመረጠው፣ ተራ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ እኩልነቱ ይታይ። ፍትህ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ አባሉ በዓይኑ ሊያየው ይገባል። የሚዛኑ ፊት ወደ አባሉ ይዙር። ማዳበሪያ የወሰደው ሰው ስምና መጠን በማህበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የክፍያ ተራ አስቀድሞ ይነገር። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት ከመንጋው አውራ ተሰውረው የሚገናኙ ጭላዳዎች አውራው ራቅ ያለበትን ጊዜ ይመርጣሉ፤ ድምፃቸውንም ያጠፋሉ። ድብብቆሽ ያለበት ቦታ ሁሉ ዝምታ ይበዛል። ስለሆነም ሂሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ የማይነበብና የቁጥጥር ኮሚቴው ድምፅ የማይሰማበት ማህበር ቢኖር አባላቱ ሊነቁ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን እናስታውስ። የጥንቱ ቄሮ ድካሙ መብትን በዘር ሐረግ መወሰኑ ነበር። በእኛም ማህበራት ውስጥ በባል ስም ብቻ የተመዘገበ ቤተሰብ አለ፤ መሬት ያልደረሰው ወጣት አለ። የእነርሱን አባልነት ማስፋት ችሮታ አይደለም። ነገ ሜዳውን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ እንስሳት ጉባኤ አይጠሩም፤ መተዳደሪያ ደንብም አይጽፉም። ቀበሮውም ጭላዳውን ስለሚወደው ነው የሚተወው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በየቀኑ ግልገሉን አልፎ አይጡን ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት በማግስቱ ሲመጣ የሚሸሸው የለም። የህብረት ሥራ ማህበርም መተማመኛው ይኸው ነው። የዛሬውን ግልገል ያለፈ የነገውን መሰማሪያ ያገኛል።

በበዓሉ ዕለት ከንግግሩና ከጭብጨባው በኋላ እያንዳንዳችን ወደ መሠረታዊ ማህበራችን ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ እንድናደርግ አደራ እላለሁ። ወደ መጋዘኑ ገብተን ሚዛኑ ወደ ማን እንደዞረ እንይ። ወደ አባሉ ካልዞረ እናዙረው።

ለዩኒየናችንና ለአባላቱ በሙሉ መልካም የምስረታ በዓል ይሁን!